የአፍንጫው ልብስ

እህቴን ፈሪ የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ እኔን ያነጋግር። የአንድ መሥሪያ ቤት ባለአራት ፎቅ ደረጃ ሃያ ሁለት ዓመት ጠርጋለች፤ ስንት አለቃ መጥቶ ሲሄድ እሷ መወልወያዋን ይዛ እዚያው ናት። አንዱ አለቃ ገና ባልደረቀ ወለል ላይ የሲጋራ ቁራጭ ሲጥል አንስታ "ጌታዬ፣ ወድቆብዎታል" ብላ በእጁ ያስጨበጠች ሴት ናት። ታላቄ ስለሆነች እትዬ እላታለሁ። ለቁጣ ለቁጣማ እኔ እብሳለሁ፣ ሰፈሩ ይመስክር። እትዬ በዕድሜዋ ሙሉ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በእጇ ያለ የሰው ዕቃ እንዳይበላሽ።

እሱንም ከእናታችን ነው የወረሰችው። እናታችን ዕቃ ሸፋኝ ነበረች። ሬዲዮኑ ዳንቴል ነበረው፣ ቴሌቪዥኑ መጋረጃ ነበረው፣ ፍሪጁ ከነእጀታው ልብስ ነበረው፤ የሶፋው ልብስ እንዳይቆሽሽ ሌላ ልብስ ይደረብበት ነበር። አባታችን "አንድ ቀን እኔንም ትሸፍኚኛለሽ" እያለ ይቀልድባት ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና እሱንም ቀድማ ሸፈነችው። እኔ ልብስ ሰፊ ሆንኩ፣ እትዬ ጽዳት ሠራተኛ ሆነች፤ የእናታችንን ሥራ ለሁለት ተካፈልነው ማለት ነው።

የምንኖረው ከብረት ማቅለጫው ፋብሪካ ጀርባ ነው። የእትዬ መሥሪያ ቤትም ከፋብሪካው ጋር አጥር ለአጥር ነው። ከተማው ማደጉን ለማወቅ ጋዜጣ ማንበብ አያስፈልገንም፤ ከሱቄ መስኮት ይታይ የነበረው ሰማይ በአምስት ዓመት ውስጥ በሕንፃ ተዘግቶ አልቋል። የዚያ ሁሉ ሕንፃ ብረት ከእኛ ጓሮ ነው የሚወጣው። የእትዬ ባል እቶን ፊት ከቆመ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ሰፈሩ "እሳቱ" ይለዋል፣ ለስሙ ነው እንጂ ቤት ሲገባ ከእሱ የቀዘቀዘ ሰው የለም። የፋብሪካው ሁለት እቶኖች በቀን ሁለት ጊዜ ይከፈታሉ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ከመከፈታቸው በፊት ሳይረን ይጮኻል። ሳይረኑ ሲጮህ ሰፈርተኛው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ የተሰጣ ልብስ ይሰበስባል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ሕፃን ወደ ቤት ያስገባል። ግማሽ ሰዓት ያህል ጥቁር ጭስ በላያችን ያልፋል። ከዚያ መስኮቱም ይከፈታል፣ ልብሱም ተመልሶ ይሰጣል። ማንም አላስተማረንም፣ ሳናስበው ነው የምናደርገው።

የዛሬ አምስት ዓመት የእትዬ መሥሪያ ቤት ጣሪያ ላይ የአየር መለኪያ ተተከለ። ፍሪጅ የሚያህል ነጭ ሣጥን ነው፤ ከሱ ረጅም የጎማ ቱቦ ይወጣና ጫፉ ላይ ነጭ ባርኔጣ የመሰለ ነገር ተደፍቶበት በፋብሪካው ትይዩ ካለ ብረት ላይ ይንጠለጠላል። ሣጥኑ በዚያ ጎማ አየር እየሳበ ጥቀርሻውንና የካርቦን ጋዙን ይለካል፣ ቁጥሩንም ራሱ ለዋናው ቢሮ ይልካል። የተከለው ቴክኒሻን ጎማውን አፍንጫ ብሎ ጠራው፣ ሁላችንም አፍንጫ አልነው። ለእትዬ የነገራት ይህን ብቻ ነው፦ ዕቃው በጣም ውድ ነው፣ የጣሪያው ቁልፍ ያለው ከአንቺ ዘንድ ነው፣ ቆሻሻ ገብቶበት ቢበላሽ ከአንቺ ራስ አልወርድም። ምን እንደሚለካ፣ ለምን እንደሚለካ አልነገራትም። ለጽዳት ሠራተኛ ማን ያስረዳል?

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። በማግስቱ ጠዋት ሳይረኑ ጮኸ። እትዬ አራቱን ፎቅ በሩጫ ወጣች፣ አፍንጫውን ከተንጠለጠለበት አወረደች፣ ወደ ደረጃው ክፍል አስገብታ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችው፣ በሩንም ዘጋች። ጭሱ ሲያልፍ መልሳ ሰቀለችው። ልክ እንደ ተሰጣ ልብስ። ዘጠኝ ሰዓትም እንዲሁ አደረገች። እንዲህ ስታደርግ አራት ዓመት ሞላት፤ በእረፍት ቀኗ ሳይቀር በእግሯ እየሄደች፣ ወገቧን አሟት ደረጃውን በእጇ እየተደገፈች። ቴክኒሻኑ በየሦስት ወሩ እኩለ ቀን ላይ ብቅ እያለ ባርኔጣው ወተት መስሎ ሲያገኘው "እጅሽ ይባረክ፣ የሌላው ጣሪያ ላይ ያሉት ከሰል መስለዋል" ይላት ነበር። ያን ዕለት ሱቄ ትመጣና ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ትነግረኛለች። እኔም እኮራባት ነበር፣ ምን ይደበቃል።

ባለፈው ዓመት ከሌሎች ትልልቅ ከተሞች እንግዶች መጡ። አዳራሹ ሞላ፣ እትዬ ውሃ ታድል ነበር። የአካባቢ ጥበቃው ኃላፊ፣ ሁሉም ኢንጂነሩ የሚሉት ትሑት ሰው፣ ግድግዳው ላይ ሁለት መስመር አሳየ። ቀዩ የከተማው ሀብት ነው አለ፣ በየዓመቱ ሽቅብ ይወጣል። ሰማያዊው የካርቦን ልቀቱ ነው፣ ቁልቁል ይወርዳል። የትም አገር ከተማ ሲያድግ ጭሱም አብሮ ያድጋል፣ የእኛ ግን አድጎ ጭሱ ቀነሰ አላቸው። ከእንግዶቹ አንዱ የብረት ፋብሪካውስ ብሎ ጠየቀ። ኢንጂነሩ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ፊቱ በራ። የመለኪያውን የቀን ውሎ ከፍቶ አሳየ፤ እቶኑ በሚከፈትበት ሰዓት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቁጥሩ መጨመሩ ቀርቶ ጭራሽ ይቀንሳል። የጭስ ማውጫው ማጣሪያ ከጠበቅነውም በላይ እየሠራ ነው አለ። በዚህ መሠረት ሦስተኛ እቶን እንዲተከል ተፈቅዷል፣ ከሁለቱ ተደምሮ የሚበልጥ፣ ቦታውም ከሠራተኞች ሰፈር፣ ከእኛው ቤት ጎን። ተጨበጨበ። የተማረ ሰው ደስ ካለው ለምን ብሎ አይጠይቅም ማለት ነው?

እትዬ ባዶውን ብርጭቆ ሰብስባ ወጣች። ኢንጂነሩ የጠራቸውን ሁለቱን ሰዓቶች፣ ሦስትንና ዘጠኝን፣ እሷ ታውቃቸዋለች፤ አፍንጫውን የምትጠቀልልባቸው ናቸው። ወደ ቤቷ አልሄደችም፣ ቀጥ ብላ እኔ ሱቅ መጣች። እኔ ደግሞ የሦስተኛውን እቶን ወሬ ቀድሜ ሰምቼ በደስታ ሰክሬያለሁ፤ አራት መቶ ሰው ይቀጠራል፣ ኮሌጅ ጨርሶ ሦስት ዓመት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛው ልጄ ስሙ ተመዝግቧል። "እንኳን ደስ አለን" ብዬ ተቀበልኳት። እሷ ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ጥግ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረችኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የከተማውን ጭስ በእርጥብ ጨርቅ ያጠፋች ሴት ብዬ ቀለድኩባት። የጫጩትን ስም ስትጠራ ነው ሳቄ የቆመው።

የፈራችው ለጫጩት ነው። ጫጩት የልጇ ልጅ ናት፣ አምስት ዓመቷ፤ እናቷ ሩቅ ከተማ ስለምትሠራ እትዬ ናት የምታሳድጋት። ስትተነፍስ ደረቷ ሲር ሲር ይላል፣ ስሙም ከዚያ ነው የወጣላት። ሳይረኑ ሲጮህ ማንም ሳይነግራት የሚረጨውን መድኃኒቷን ፍለጋ ትሮጣለች። ሐኪሟ ለእትዬ ሳይሸፋፍን ነግሯታል፤ አየሩ አሁን ካለው ከከፋ ይህች ሳንባ አትችለውም፣ ከዚያ ሰፈር አውጧት። ወዴት ነው የምናወጣት? ቤቱ የፋብሪካው ነው፣ ባሏ የፋብሪካው ነው። እትዬ ያን ቀን ያለችኝ "ልጅቷን በገዛ እጄ ላፍናት ነው" ነው። 

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አላውቅም። ምንም አትናገሪ አልኳት። ከነገ ጀምረሽ አፍንጫውን አትንኪው፣ ጭሱን ይጠጣ፣ ማሽኑ ራሱ ይናገር። ቁጥሩ ሲያሻቅብ ፈቃዱን ራሳቸው ይሰርዛሉ፣ አንቺም ከነገሩ የለሽበትም። በምክሬ በጣም ተደስቼ ነበር።

እንዳልኳት አደረገች። ሳይረኑ ሲጮህ ጣሪያው ላይ ወጥታ እጇን አጣምራ ትቆማለች። ነጩ ባርኔጣ ዓይኗ እያየ ይጠቁራል፣ ግን አልነካችውም። በየዕለቱ አንድ ሰው መጥቶ ይጠይቀኛል እያለች የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር መወልወያዋ ከእጇ ይወድቅ ጀመር። እህል አልበላ አላት። ባሏ አሟት ነው ብሎ ሾርባ ይሠራላት ነበር፣ እሱ ምን ያውቃል ምስኪን።

በአሥረኛው ቀን ቴክኒሻኑ መጣ። ማሽኑ አብዷል አለ። ቁጥሩ በሦስት እጥፍ ጨምሯል፣ ይህ ደግሞ ሊሆን የማይችል ነገር ነው፣ የአራት ዓመቱ መረጃ አለና። ሣጥኑን ፈታታው፣ አንድ ዕቃ ቀየረለት፣ ባርኔጣውን አጠበ፣ እትዬንም ምነው ሰነፍሽ ብሎ ገሠጻት። የአሥሩን ቀን ቁጥር የብልሽት ብሎ ሰረዘው። በማግስቱ ቁጥሩ ያው ሆነ። አሁንም አልዳነም አለና ከአምናው ጋር እስኪገጥም ድረስ ሊያስተካክለው መፍቻውን አወጣ። እትዬ ያኔ ነው የገባት። እውነተኛው ቁጥር ቢመጣም የሚያስገባው በር አልነበረም። መፍቻውን ከእጁ ወሰደችና "አልተበላሸም ልጄ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አለችው።

ቴክኒሻኑ እየሰማት ላብ አጠመቀው አለችኝ። ለምን አያጠምቀው፤ አሥራ ስድስት ጊዜ ደህና ነው ብሎ ፈርሟል። እጇን ይዞ ወደ ኢንጂነሩ ቢሮ ወሰዳት። ኢንጂነሩ ሲሰማ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ተነሥቶ በሩን ዘጋ፣ ተቀመጠ፣ ሌላ ማን ያውቃል ብሎ ጠየቀ። እትዬ መዋሸት አትችልበትም፤ ስሜን ጠራች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ሦስቱም ጣሪያው ላይ ወጡ። ሳይረኑ ጮኸ። እትዬ እጇ ከልማድ ወደ አፍንጫው ሄዶ ነበር፣ መለሰችው። ጭሱ መጣ። ኢንጂነሩ ክራባቱን አፉ ላይ ይዞ ሣጥኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ያያል፣ ቁጥሩም ይወጣል፣ ይወጣል፣ አይቆምም። መርዶ እንደሚሰማ ሰው ሆነ አለችኝ። ጭሱ ካለፈ በኋላ ጣሪያው ጫፍ ላይ ቆሞ ከተማውን ዞር ዞር ብሎ አየው፣ ክሬኑን፣ ያላለቀውን ሕንፃ፣ መንገዱን። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገራት። ወረቀቱ ተፈርሟል፣ ብድሩ ተለቋል፣ አራት መቶ ሰው ተመዝግቧል። ይህ ቢወጣ መጀመሪያ የምወድቀው እኔ ነኝ አለ፣ ቀጥሎ ይህ ልጅ፣ ቀጥሎ አንቺ፣ ባልሽም ነገ እቶን ፊት አይቆምም። ልጆች የሉህም ወይ ብላ ጠየቀችው። "አሉኝ" አለ፣ "የሚኖሩት ግን ከወንዙ ማዶ ነው።" ይህን ሲል ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሣ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት ለጠላቴ አልመኝም። እትዬ ፖሊስ ይመጣል ብላ ጫጩትን ንጹሕ ልብስ እያለበሰች ታስቀምጣት ነበር፣ ሰው ፊት እንዳታፍርባት። እኔ ሱቄን እየከፈትኩ ማሽኔ ላይ አፍጥጬ እውላለሁ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ የእኛ ግን ባልጠበቅነው በኩል ነው የደረሰው። በአራተኛው ቀን ለእትዬ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣላት። ስለ ትጋቷ ያመሰግናል። ውድ መሣሪያን ከብናኝ ለመጠበቅ ያሳየችው ልምድ ተጠንቶ ከዛሬ ጀምሮ መመሪያ ሆኗል ይላል። እቶን በሚከፈትበት ሰዓት የመሣሪያው አየር መሳቢያ በልኩ በተሠራ የሸራ ልብስ ይሸፈናል።

ልብሱን እኔ እንድሰፋው ቴክኒሻኑ ልኩን ጽፎ ሱቄ ድረስ ይዞ መጣ። በከተማው ስንት ሰፊ እያለ እኔ ጋ ለምን እንደመጣ አልጠፋኝም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዓይኔን ሳያይ የልጅሽ ስም ዝርዝሩ ላይ እንዳለ አይቻለሁ አለኝ። ደህና ዋይ ብሎ ሄደ። 

እትዬ በምሳ ሰዓት መጣች። ወረቀቱን አየችው፣ አልነካችውም። ከበሩ ውጪ ጫጩት ከሰፈር ልጆች ጋር ትጫወታለች፤ ትሮጥና ትቆማለች፣ ትሮጥና ትቆማለች። እትዬ ቁጭ አለችና በልጅነታችን በጨለማ ስትጠራኝ በነበረው ድምፅ ተናገረች።

"ስሚኝ እህቴ። አልሰፋም ካልሽ እኔም አልሸፍንም። ነገ ከተማው ምክር ቤት ሄጄ ሰው ሁሉ ባለበት እናገራለሁ፣ አንቺ አጠገቤ ቁሚልኝ ብቻ። ብቻዬን አልችልም፣ ፈርቻለሁ። ምን ላድርግ?"

እኔ እኮ ለዚህ ቀን ነው የተፈጠርኩት። የቤት አከራይ የተሳደብኩ፣ የቀበሌ ሊቀመንበር ያባረርኩ፣ በሰው ጠብ ሁሉ ገብቼ የምፈርድ ሴት ነኝ።  አንድ ዓይኔ ግን ውጪ ያለችውን ልጅ ያያል። ሌላው ቤት ውስጥ የተኛውን ልጄን ያያል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ገባሁ ያለኝ ቀን ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጢሙን ተላጭቶ ነበር። ነይ እንሂድ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ልለው ነበር መሰለኝ። እጄ ሜትሩን አነሣ።

"ዚፑ ከላይ ይሁን ከጎን?" አልኳት።

 ቁጣ ፊቷ ላይ ፈለግኩ፣ አልነበረም። "ከጎን" አለች፣ "ከጎን ሲሆን ቶሎ ይዘጋል።"

በደንብ ሰፋሁት። መጥፎ አድርጎ መስፋት አላውቅበትም፤ ድርብ ሸራ፣ ድርብ ስፌት፣ ነፋስ አያስገባም። ሦስተኛው እቶን ሥራ ጀመረ፣ ልጄም እዚያው ገባ፣ ደህና ሠራተኛ ነው ይሉታል። ኢንጂነሩ ተሹሞ ሄዷል። ሰማያዊው መስመር ዘንድሮም ወርዷል አሉ፣ ሌሎች ከተሞች ልምድ ሊቀስሙ ይመጣሉ። የሰፈሩ ልብስ ግን አሁን ጨርሶ ውጪ አይሰጣም፣ ቤት ውስጥ ነው የሚደርቀው።

ጫጩት ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ገብታለች። አሁንም እዚያው ናት፣ አፍንጫዋ ላይ ጎማ ተደርጎላት። እትዬ በቀን ሁለት ጊዜ ከሆስፒታል ወጥታ መሥሪያ ቤቷ ጣሪያ ላይ ትወጣለች፣ ልብሱን ትዘጋለች፣ ትመለሳለች። አንድም ቀን ያኔ አልሰፋም ብትይኝ ኖሮ አላለችኝም። ብትሰድበኝ እግሯን በሳምኩ። ጠዋት ጠዋት ሱቄ ውስጥ ስልክ ሲጮህ ማሽኔን አቁሜ አነሣለሁ፤ እትዬ ናት፣ ከሆስፒታል። "ደህና አድራለች" ትለኛለች። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እንዲያ ነው የምትለኝ።